ሠላሳ አንደኛዋ ቃል ለቃሚ

ያን ዓረፍተ ነገር የተናገርኩት ፈርቼ ነው ወይስ ኮርቼ? ከአርባ ዓመት በላይ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ መልሱን ዛሬም አላገኘሁትም። አንዳንድ ቀን ፍርሃት ነው እላለሁ። ዘመኑ እንደዚያ ስለነበረ ይህ መልስ ይመቸኛል። ሌላ ቀን፣ በተለይ እጄ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ፣ ያኔ ደረቴን የሞላው ስሜት ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። ስሕተት ፈልጎ ያገኘ ሰው የሚሰማው ዓይነት ደስታ ነበረበት።

ነገሩን ሰሞኑን የቀሰቀሰችው የእህቴ የልጅ ልጅ ሰሚራ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስለምትማር ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ አልወጣም ብሎ ግቢውን ባጨቀየበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኳን ይዛ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። በስልኳ መዝገበ ቃላት ላይ “ራን” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጋ ነበር። ትርጉሙን በጣቷ ወደ ታች ትስበዋለች፤ አያልቅም። በመሮጥ የጀመረው ቃል ወደ ወንዝ ገብቶ፣ ከወንዝ ወጥቶ ሞተር ውስጥ ገብቶ፣ መሥሪያ ቤት ሲያስተዳድር ደረሰችበትና ደከማት።

“አያቴ፣ ይኼ ሁሉ የአንድ ቃል ነው?”

“ገና ነው” አልኳት። መነጽሬን ሳላደርግ ቀሪውን በቃሌ ደረደርኩላት። ጨው ሲያልቅ፣ ቀለም ከጨርቅ ሲለቅ፣ አፍንጫ ሲፈስ፣ አውቶቡስ በሁለት ከተማ መካከል ሲመላለስ፣ የእግር ሹራብ ክሩ ሲተረተር። ሰሚራ በስልኳ ታመሳክራለች፤ አንዱም አልተሳሳተም።

“ማን አስተማረሽ?” አለችኝ።

“ማንም። በራሴ ነው የተማርኩት።”

ሐሰት ነው። ያስተማሩኝ መምህር ዳንኤል ይባሉ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴት የመምህሬን ስም ለአንዲት ልጅ መጥራት እንዴት እንዳቃተኝ ሳስብ ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት አርፍጄ ነው። አባቴ በጅማ ሄርማታ መርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ቁርኣን አስተማሩኝና ለሴት ልጅ ይበቃታል አሉ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ተዳርኩ፤ በአሥራ ዘጠኝ ተፈትቼ ተመለስኩ። አብዮቱ መጥቶ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ከአሮጊቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመኝ አልተገኘም። የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ክፍሉን እየዘለልኩ በሃያ አራት ዓመቴ ስምንተኛ ደረስኩ። አባቴ በዚያን ጊዜ አርፈው ነበር፤ የምኖረው አዴ ሩቂያ ከሚባሉ ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው።

ቀን ቀን ቡና ለቀማ እውላለሁ። ለቀማ ስል ከዛፍ ላይ አይደለም። በትልቅ መጋዘን ውስጥ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠን፣ ፊት ለፊታችን የፈሰሰውን ቡና ፍሬ በፍሬ እንለያለን። ጥቁሩ ወዲህ፣ የተሰበረው ወዲያ፣ ነቀዝ የበሳው ለብቻ፣ ጠጠሩ ለብቻ። በስተኋላችን ማበጠሪያው ማሽን ቀኑን ሙሉ ያገሣል፤ አጠገብሽ ያለችውን ለማናገር መጮኽ አለብሽ። እኔ ብዙ አላወራም ነበር። እጄ ግን ይታወቅ ነበር። ተቆጣጣሪው የኔን ክምር ሁለተኛ አይፈትሽም፤ ያን እወድ ነበር።

በአሥራ አንድ ሰዓት ከመጋዘን ወጥቼ፣ የቡናው አቧራ ከሻርፔ ሳይራገፍ፣ በጭቃው መንገድ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ። መንገድ ላይ የተቀቀለ ስኳር ድንች ገዝቼ እየሄድኩ እበላለሁ። ያን ጣዕም ዛሬም ሳገኘው የእንግሊዝኛ ክፍል ይመጣብኛል።

መምህር ዳንኤል ከከምባታ ምድር የመጡ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጴንጤ ናቸው ይባላል። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ነበር፤ እሳቸው ስለዚያ ቃል ተናግረው አያውቁም። ለሠላሳ ተማሪ አራት መጽሐፍ ነበረን። ከዕለታት አንድ ቀን መጽሐፉን ዘጉና ቀን ቀን ምን እንደምንሠራ አንድ በአንድ ጠየቁን። ከሴቶቹ ከግማሽ የምንበልጠው ቡና ለቃሚ ነን አልን።

“እንግዲያው ቃልም እንለቅማለን” አሉ። “አንድ ተራ ቃል እሰጣችኋለሁ። ሄዳችሁ ከቆርቆሮ ላይ፣ ከመኪና ላይ፣ ከመድኃኒት ወረቀት ላይ፣ ከየትም አምጡልኝ። ትርጉሙን እንደ ቡናው እየለየን እንከምረዋለን።”

የሰጡን ቃል “ራን” ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነው። ቃሉን ያገኘ ሰው በቁራጭ ወረቀት ላይ ዓረፍተ ነገሩን ይጽፋል፤ ከሥሩ የት እንዳገኘው፣ ከምን ላይ እንዳገኘው። በመጨረሻ ስም ሳይሆን ቁጥር። “ስም አትጻፉ፤ የተሳሳተ ሰው እንዳያፍር” አሉ። ጽሕፈቴ ጥርት ያለ ስለነበረ እኔን ግልባጭ ጸሐፊ አደረጉኝ። እያንዳንዱን ወረቀት አርሜ ሁለት ሁለት እገለብጣለሁ፤ አንዱ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንዱን እሳቸው ይወስዳሉ።

ወረቀቱ ከየቡናው ከተማ ይመጣ ጀመር። ሊሙ እህት ያለው ከሊሙ ያመጣል፣ ለገበያ አጋሮ የሄደ ከአጋሮ። ከሁሉ የሚያስቀን ሸምሱ የሚባል መካኒክ ነበር፤ የጭነት መኪና ጋራዥ ይሠራል፣ የሞተር መመሪያ መጽሐፍ ስለነበረው እንደ ልቡ ይለቅም ነበር።

“መምህር፣ መጽሐፉ ሞተሩ ይሮጣል ይላል” አለ አንድ ቀን። “የኛ መኪና ግን ከቆመ ሦስት ወሩ ነው።”

“እሱ ሞተር እንግሊዝኛ አያውቅም” አሉት።

ከአንድ ወር በኋላ ጠረጴዛው ላይ አሥራ ዘጠኝ ክምር ነበር። እኔ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በኛ ቋንቋ ውሃው ይፈሳል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ጨው ያልቃል፤ ለየሥራው የየራሱ ሠራተኛ አለ። እንግሊዞቹ ግን አንድ ምስኪን ቃል ይዘው ሁሉን ያሠሩታል። ይህን ስል መምህር ዳንኤል ሳቁ፤ “እስቲ የኛን ‘ያዘ’ን ቁጠሪልኝ” አሉ። ክፍሉ ተንጫጫ። ዝናብ ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው፣ ሥራ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ቦታ ያዝልኝ፣ ማሰሮው አምስት ሊትር ይይዛል። ሸምሱ ከኋላ “እኔንም አንዲት ልጅ ይዛኛለች” አለና ሴቶቹን አሳቀ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ የሰማሁትን ሰው ሁሉ ንግግር በጆሮዬ እለቅም ነበር። እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ በሕይወቴ ብዙ የለም።

ዘመኑ ግን ለቀማ የሚወድ ዘመን አልነበረም፤ ወይም የሚወደው ሌላ ዓይነት ለቀማ ነበር። እሑድ እሑድ ቀበሌ ስብሰባ አለ። የሚያጠራጥር ነገር አይቶ ዝም ያለ ሰው ተባባሪ ነው ይሉናል። ቁራጭ ወረቀት፣ ቁጥር፣ የከተማ ስም፣ ሁለት ግልባጭ። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ቆርቆሮ ለማያውቅ ሰው ብታሳዪው ምን ይለዋል? እኔ ያኔ ይህን አላሰብኩም። ያሰብኩት ሌላ ነው።

በክፍሉ ሠላሳ ነን። መዝገቡን የገለበጥኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። አንድ ሰኞ ቆርቆሮው ውስጥ ቁጥር ሠላሳ አንድ የሚል ወረቀት አገኘሁ።

መጀመሪያ ስሕተት መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሰኞ ሌላ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ጽሕፈቱ ወደ ግራ የተጋደመ ነው፤ ከክፍላችን ማንም እንደዚያ አይጽፍም። አንዱ ከልብስ ስፌት ክር መጠቅለያ ላይ የተገኘ ነው ይላል፤ ቀለሙ አይለቅም። አንዱ ከሕፃን መድኃኒት ወረቀት ላይ፤ አፍንጫው ሲፈስ። አንዱ ከሬዲዮ ጀርባ። አምስት ሆኑ። ሁልጊዜ ሰኞ ነው የሚመጡት፤ መምህሩ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አሰንዳቦ እንደሚሄዱ እናውቃለን። ሸምሱ “አሰንዳቦ ሚስት አላቸው” ይላል። እኔ ግን ሚስት የሚባለው አልተዋጠልኝም። ሁለተኛውን ግልባጭ ለማን ነው የሚወስዱት? ስም ለምን ከለከሉን? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስገለብጥ እጄ እንደ ድሮው አይፈጥንም ነበር። ሲስቁ እንኳ ለምን ሳቁ እላለሁ።

ስድስተኛው ወረቀት ቦታ ጠራ። “ሞተሩን ያለ ዘይት አታሠራ” የሚል ትእዛዝ ነው፤ አሰንዳቦ፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ፣ ከናስ ሰሌዳ ላይ።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ዘመድ ሞታ ለቅሶ አሰንዳቦ ሄድኩ። ኅዳር ነበር፤ በአዲስ አበባው መንገድ ግራና ቀኝ በየደጃፉ ቡና ተሰጥቷል፣ አውቶቡሱ ሲያልፍ ዶሮዎቹ ከላዩ ይበተናሉ። ከለቅሶው ስወጣ እግሬ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወሰደኝ። እህል ለማስፈጨት የመጡ ሴቶች ነበሩ። በእነሱ መሐል አልፌ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየሁ። ሰሌዳ የለም። ዱቄት ያነጣው ግድግዳ ላይ አራት የምስማር ቀዳዳ ብቻ አየሁ። አንዲት ሴት “ማሊ? ምን ጠፋብሽ?” አለችኝ። “ምንም” ብያት ወጣሁ። አንድ ጥያቄ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ አፍታ ይበቃ ነበር። አልጠየቅሁም። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው፣ ግድግዳ ላይ የሌለ ሰሌዳ።

በማግስቱ ከአዴ ሩቂያ ጋር ጎን ለጎን ቡና እንለቅማለን። አዴ ሩቂያ የቤት አከራዬ ብቻ አልነበሩም፤ ሥራውን ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ወሬ ይወዳሉ፣ ሰውንም ይወዳሉ።

“ዛሬ ምን ሆነሻል? ክምርሽ ውስጥ ጥቁር አየሁ” አሉኝ።

ያን ቀን ጥቁር ፍሬ ከእጄ አምልጦ ነበር። አፈርኩ። አዋቂነቴን ማሳየት ፈልጌ ይሁን ጭንቀቴን ማራገፍ፣ ማሽኑን ለማሸነፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ “መምህራችን ስሙ መዝገብ ላይ የሌለ፣ አሰንዳቦ የተደበቀ ሰው አላቸው” አልኩ።

“መምህራችን” ስል ማሽኑ ያገሣ ነበር። “መዝገብ ላይ” ስል መብራት ሄደ። “አሰንዳቦ የተደበቀ ሰው አላቸው” የሚለው፣ በዚያ ሁሉ ሴት መካከል፣ ጸጥ ባለው መጋዘን ውስጥ፣ በጩኸት ወጣ።

ቀና ያለ የለም። የቡናው ፍሬ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል። አዴ ሩቂያ እጃቸው ላይ ያለውን እየለዩ፣ ሳያዩኝ፣ “ሱብሓነላህ፤ ይህን ነገር ሁለተኛ አትድገሚው” አሉ።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ሰዎች ክፍል ገቡ። መምህር ዳንኤል ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ነበር። ጠመኔውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን አራገፉ፣ ወጡ። አንደኛው ሰው ቆርቆሮው የት እንዳለ ማንንም ሳይጠይቅ ከጠረጴዛዬ ሥር አነሣው።

በሳምንቱ እኔን ቀበሌ ጠሩኝ። ከኮቱ ሥር ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ እንደ ስጥ ዘርግቷቸዋል። አንዱን እያነሣ “ይኼ ምን ይላል?” ይለኛል። ውሃ ይፈሳል እላለሁ። “ይኼስ?” አውቶቡስ ይመላለሳል። “ይኼስ?” ጨው አለቀ። ቢያንስ አንድ ሰዓት አስተማርኩት።

“እና ይህ ሁሉ አንድ ቃል ነው?”

“አዎ ጌታዬ።”

“ማንን ለማሞኘት ነው?” አለኝ። ወረቀቱን ሰበሰበ። “ሂጂ። ንቁ ሴት መሆንሽን ሰምተናል።”

ከማን ሰሙ? ይህ ጥያቄ ለሁለት ዓመት ኑሮዬ ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አዴ ሩቂያን ነው። ክፍሌን ለቅቄ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ፊቴን አዞራለሁ። ቀጥሎ ከኋላ ረድፍ የነበረችውን ባሏ ዘበኛ የሆነ ሴት ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ተቆጣጣሪውን፤ ቀጥሎ ሸምሱን፣ እዚያ እንኳ ያልነበረውን። አንድ ቅዳሜ አዴ ሩቂያ ጨርቅ ተራ ላይ መንገዴን ዘግተው ቆሙ።

“ሰላምታ የነፈግሽኝ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወላሂ እኔ አፌን አልከፈትኩም። ጆሮ የነበረኝ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ? ስንት ሴት ነበር እዚያ? ሠላሳ? አርባ? መቁጠር የምታውቂው አንቺ ነሽ እንጂ።”

ትተውኝ ሄዱ። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አልጠረጠርኩም።

መምህር ዳንኤል ከአሥራ አራት ወር በኋላ ተፈቱ። ማስተማር አልተፈቀደላቸውም፤ አጋሮ የቡና መግዣ ጣቢያ ሚዛን ጸሐፊ ሆኑ። አንድ የለቀማ ወቅት ለጉዳይ አጋሮ ሄጄ አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ አገኙኝ። መሸሽ አልቻልኩም። ብርቱካን ገዙልኝ። የግራ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም ነበር፤ መላጡ ሲያቅታቸው ተቀብዬ ላጥኩላቸው።

“ጽሕፈትሽ እንዴት ነው?” አሉኝ። “የማታ ትምህርቱንስ ቀጠልሽ?”

“አሥራ ሁለተኛ ልፈተን ነው መምህር።”

“ጎበዝ። ቁጥር ሠላሳ አንድን ታስታውሻለሽ? አንቺ ሳታስተውይ አትቀሪም።” የላጥኩትን ብርቱካን አቀበልኳቸው። “እህቴ ነበረች፤ ማርታ። በመዝሙር ምክንያት ትፈለግ ነበር፤ ጓደኞቿ ታስረው እሷን አክስታችን ቤት አሰንዳቦ ደበቅናት። ልጅ ናት፣ ትምህርቷ ተቋርጦ አእምሮዋ እንዳይሞት ብዬ የምትለቅሙትን እወስድላታለሁ፣ እሷም የራሷን ትልክልኛለች። አንቺ የገለበጥሽውን ነበር የምትማረው። ‘የዚህች ልጅ ፊደል እንደተለቀመ ቡና ነው’ ትለኝ ነበር።”

“ደህና ናት?”

“አምልጣለች። እኔ እንደታሰርኩ ሹፌሮች ነግረዋት ሌሊቱን ወጣች።” የብርቱካኑን ልጣጭ በጫማቸው ገፋ አደረጉት። “ከቤት አትውጪ ብያት ነበር። መርማሪዎቹ ‘አሰንዳቦ እንደደበቅሃት እናውቃለን’ አሉኝ። ቤት የተቀመጠን ሰው ማን ያያል? ወጥታለች። አልወጣሁም ትላለች እንጂ ወጥታለች።”

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ወጥታ ከነበረ እኮ እኔ አይደለሁም የሚል አሳብ በደረቴ ውስጥ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ወረደ። የተባልኩትን “ንቁ ሴት” በዚያች ደቂቃ ረሳሁት። “ኢንሻአላህ ሁሉም ያልፋል” አልኳቸው። አውቶቡሴ ጥሩንባ ነፋ።

ያ እፎይታ የቆየልኝ ጥቂት ሳምንት ነው። አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ አሰንዳቦ ለምሳ ቆመ። ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ጠየቅሁ። ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት የለበሱ ሽማግሌ ወፍጮኛ ነበሩ።

“ሰሌዳውን? የድሮው ባለቤት ስም ከሥሩ ነበረበት። ወፍጮው ሲወረስ ማኅበሩ ነቅሎ ጣለው። ቆየ እኮ፤ አብዮቱ እንደፈነዳ ነው።”

አራቱ ቀዳዳዎች እዚያው ነበሩ። አጠገባቸው ቆሜ ስድስቱን ወረቀቶች በልቤ ደረደርኳቸው። ክር፣ መድኃኒት፣ ሬዲዮ፤ አምስቱም የቤት ውስጥ ዕቃ ናቸው። በቤት ያለው እንግሊዝኛ ሲያልቅባት፣ በልጅነቷ አክስቷ ዘንድ ስትመጣ ያየችውን ሰሌዳ ከትዝታዋ ጻፈች። አንድ ቀን ወጥታ ቢሆን ኖሮ፣ ወፍጮ ቤቱ ከአክስቷ ቤት የድንጋይ ውርወራ ነው፣ ሰሌዳው አለመኖሩን ባየች ነበር። ልጅቷ አልወጣችም። ይህን የሚያስረዳ ማስረጃ በዓለም ላይ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። እኔም ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ።

ለምን አልነገርኳቸውም? መጀመሪያ መንግሥቱ ነው አልኩ፤ ጊዜው ይለፍ። ጊዜው አለፈ። ከዚያ መምህርነት ተመድቤ ራቅሁ አልኩ። ከዚያ ጅማ ተመለስኩ፤ አጋሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አጋሮ ሠርግ ስጠራ ታመምኩ እላለሁ። አንድ ቀን መምህር ዳንኤል ማረፋቸውን ሰማሁ። ለቅሶ አልሄድኩም። ማርታ አጋሮ የመድኃኒት መደብር እንዳላት በዚያው ሰማሁ፤ እሱንም ይዤ ተቀመጥኩ፣ ሰሚራን “በራሴ ነው የተማርኩት” እስካልኳት ቀን ድረስ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አጋሮ ወረድኩ። ጥቅምት ገብቶ ቡናው ቀልቷል። መደብሩ መስጊዱን አለፍ ብሎ ነው። ወፍራም፣ መነጽር ያደረገች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ለአንድ ገበሬ የኪኒን አወሳሰድ በኦሮምኛ ታስረዳለች። ተራዬን ጠበቅሁ።

“ምን ላድርግልዎ እናቴ? ግፊት ነው?”

“አይደለም። ዘሃራ እባላለሁ። የወንድምዎ ተማሪ ነበርኩ። ግልባጭ እጽፍ ነበር።”

ፊቷ እንዴት እንደበራ ልጽፈው አልችልም። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ ሁለት እጄን ያዘች። “ፊደልዎን አውቀዋለሁ። እርስዎን ሳላይ ነው ያወቅሁዎት” አለች። በርጩማ አመጣች፤ ሙዝ ልታስመጣልኝ ሰው ጠራች። ሳትጨርስ ነገርኳት። ቆርቆሮውን፣ መጋዘኑን፣ መብራት መሄዱን፣ ቀዳዳዎቹን፣ ወፍጮኛውን። የክፍል ትምህርት እንደሚሰጥ ሰው ተናገርኩ።

ተመልሳ ባንኮኒው ጀርባ ገባች። የመድኃኒት ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመረች።

“ለሱ ነግረሽዋል?” አለችኝ። ከእርስዎ ወደ አንቺ እንደወረደች ሁለታችንም ሰማን።

“አልነገርኩም።”

“አንድ ከተማ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኖረን ቤቴ አልገባም። ልጆቼን መንገድ ላይ ይስማቸዋል፣ ቤቴ ግን አይገባም። ሲታመም መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ሳምንት እጄን ይዞ ‘ወጥተሽ ነበር?’ አለኝ።” ሣጥኑን አስቀመጠች። “‘ወጥቼ ነበር’ አልኩት። እንዲያርፍ ብዬ። ‘አውቄ ነበር’ አለኝና ፊቱን አዞረ።”

ይቅርታ የሚለውን ቃል ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ለዚያ ነገር የሚመጥን አልሆነም። ዛሬ ይህን ስጽፍም ሌላ አላገኘሁለትም። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ስመረምር የኖርኩት የተናገርኩበትን ቀን ነበር፤ ዝም ያልኩባቸውን ቀኖች አልቆጠርኳቸውም።

ማርታ መጋረጃውን ገለጠችና ወደ ውስጥ ተጣራች። ባሏ ክራንቹን ተደግፎ መጣ፤ ልጇም፣ ትልቅ ሴት ናት፣ እጇን በጉርዷ እየጠረገች መጣች። ውጪ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ እነሱንም ግቡ አለቻቸው።

“የነገርሽኝን ድገሚላቸው” አለችኝ።

ተነሥቼ ቆምኩ። “አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ መብራት ሲሄድ” ብዬ ጀመርኩ።

“ከዚያ አይደለም” አለች ማርታ። “ሠላሳ አንድ ብለሽ ከመቁጠርሽ ጀምሪ።”

ከመቁጠሬ ጀመርኩ።